ሃምሳ ጊዜ ቃሙ

እኔ ፈጣን በላተኛ ነኝ። ይህን የምለው ልኮራበትም ላፍርበትም አይደለም፤ እንደ ቁመቴ የታወቀ ነገር ስለሆነ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጸሐፊነት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት፣ ጓደኞቼ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ እኔ አፌን እየጠረግኩ እነሣ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ሰባት ልጆች ነበርን፤ ትሪው ግን አንድ ነበር። ሰባት እጅ በሚወርድበት ትሪ ላይ የሚያኝክ ሰው ይራባል። እኔ ስድስተኛዋ ነኝ። ከመናገር በፊት መዋጥ የተማርኩ ይመስለኛል።

እንግዲህ ስለ ማኘክ እንድትሰብክ ፈጣሪ የመረጣት ይህችን ሴት ነው።

ነገሩ የጀመረው የወንድሜ ሚስት ባረፈች በአራተኛው ወር ነው። ወንድሜ የሁላችንም ታላቅ ነው፤ «ጋሼ» ነው የምለው። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን ላይ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ብረት በሚሊሜትር ሲለካ የኖረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በአርባዋ ሰሞን ትንሽ መክሳቱን ሁላችንም አይተን ነበር፤ ሐዘን ነው ብለን ተውነው። በአራተኛው ወር ግን ቀበቶው ላይ በሚስማር የበሳቸውን ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አየሁ። ይዤው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደሙን አዩ፣ ሽንቱን አዩ፣ ሆዱን በመሣሪያ አዩ። ምንም የለም። «ይብሉ» ብለው ሸኙት። ሐኪም ምንም የለም ሲል ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ፈራሁ። በሽታ ቢሆን ስም ይኖረዋል፤ ስም ካለው መድኃኒት ይፈለግለታል። ወንድሜ ግን ስም በሌለው ነገር ዓይኔ እያየ እያለቀ ነበር። በዚሁ ከቀጠለ የሚስቱን ሙት ዓመት አብረን እንደማናወጣ ውስጤ ነገረኝ።

ልጆቹ አዲስ አበባና አዳማ ናቸው። እነሱ በስልክ ያለቅሳሉ፤ እኔ በአካል እቆጣለሁ። በየቀኑ ቤቴ ምሳዬን እበላና፣ ርቦኝ መንገድ መሄድ ስለማልወድ፣ ከከዚራ ሰፈር ተነሥቼ የደቻቱን ወንዝ በድልድይ ተሻግሬ ምሳውን በምሳ ዕቃ አደርስለታለሁ። ፍትፍት ወሰድኩ። የበግ ሾርባ ወሰድኩ። በልጅነቱ የሚወደውን ፉል ሳይቀር ወሰድኩ። እፊቱ አቅርቤ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እቆማለሁ።

«ብላ።»

«እበላለሁ።»

አንድ ጉርሻ ወደ አፉ ያስገባል፣ ትንሽ ያኝካል፣ ከዚያ ማኘኩን ያቆማል። ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ይቀመጣል። መስኮቱን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል። ቆይቶ ቆይቶ በግድ ይውጠዋል ወይም ወደ መሐረቡ ይመልሰዋል፤ እጁንም ይታጠባል። ይዤ የመጣሁትን ምሳ ዕቃ እንዳለ ተሸክሜ እመለሳለሁ።

ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ጫት ነው። ጋሼ ከሰዓት በኋላ ከሁለት የወርክሾፕ ጓደኞቹ ጋር የጫት በርጫ ይቀመጣል። ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ ቀን የጫቱን እስር ከነላስቲኩ አንሥቼ ደበቅኩበት።

«አንቺ ልጅ» አለኝ ሳይቆጣ፣ «እኔ እኮ አርባ ዓመት ስቅም አርባ ዓመት ምሳዬን በልቼ ነው።»

ጮኽኩበት። መልስ ሲያጥረኝ ድምፄ ይረዝማል።

በዚህ መሐል ልጄ ከሐዋሳ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ማክሮባዮቲክ ስለሚባል አበላልና አኗኗር ነው። አርባ ገጽ ይሆናል፤ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደተረጎመው አይልም። ሥሩ ላይ «ለአጎቴ አንብቢለት፤ እባክሽ ተረጋግተሽ አንብቢ» ብላ ጽፋለች። ልጄ ታውቀኛለች። እኔም እንደ ልማዴ መጀመሪያውን ዘልዬ፣ ምን ይበላ ምን ይቅር የሚለው ዝርዝር ላይ ደረስኩ።

ጋሼ ፊት ተቀምጬ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩለት። ትምህርቱ ከጃፓን የመጣ ነው። ያልተፈተገ እህል፣ የወቅቱ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ ቡኒ ሩዝ፣ የባሕር አረም። ስኳር የለም። ሥጋ ጥቂት ወይም ጭራሽ።

«ይሄማ ጾም ነው» አለ ጋሼ። «ይሄን ለመስማት ጃፓን ምን አስኬደን?»

«ዝም ብለህ ስማ።»

ቀጠልኩ። ዪን እና ያንግ የሚባሉ ሁለት ኃይሎች አሉ፤ አንዱ ያበርዳል አንዱ ያሞቃል፤ ምግብ ሁሉ ከሁለቱ ወደ አንዱ ያደላል፤ ሰው በመሐላቸው ሚዛኑን ይጠብቅ ይላል።

«ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ይምጡና ሚዛኑን ያሳዩን» አለ።

ከዚያ እንዲህ የምትል መሥመር መጣች፦ «እያንዳንዱን ጉርሻ ሃምሳ ጊዜ ቃሙ።»

ቀና ስል ወንድሜ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው። ተርጓሚው የት አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም። መቃም በሌላው አገር ቆሎ ዘግኖ ወደ አፍ ማስገባት ነው፤ «እህልን አኝኩ» ለማለት አስቦ ያችን ቃል መርጧል። ድሬዳዋ ውስጥ ግን የሚቃመው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ከሰዓት በኋላ ነው።

«አቦ ድገሚልኝ» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

ደገምኩለት።

«ሃምሳ ብቻ? ይሄ ጃፓን ጀማሪ ነው። እኔ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምቅመው።»

ከአራት ወር በኋላ ወንድሜ ሲስቅ ሰማሁ። ያን ተርጓሚ ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ስመለስ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጋሼ ሲቀልድ ትልቅ እውነት ተናግሯል። በዚህ ከተማ ቅጠል አራት ሰዓት ይታኘካል። ፍራሽ ይነጠፍለታል፣ ትራስ ይደገፉለታል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀርብለታል፣ ጨዋታ ይደረግለታል። ሰውን የሚያቆመው እህል ግን አራት ደቂቃ አያገኝም፤ ቆመን እንውጠዋለን። ድሬዳዋ የተወለድኩ፣ ድሬዳዋ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ይህ አንድም ቀን ታስቦኝ አያውቅም። ማኘክ የሚችል ከተማ ሙሉ ሕዝብ አለ፤ ምሳው ላይ ማኘክ ግን ማንም አላሰበም። ድልድዩ ላይ ቆሜ በገዛ ከተማዬ ተደነቅኩ።

በማግሥቱ ሰፈራችን ያለች ሶማሌ ጎረቤቴ ሱቅ ሄድኩ። በጅቡቲ መሥመር ዕቃ የምታመጣ፣ የማታውቀው ሸቀጥ የሌለ ሴት ናት። እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ። እኛ ከተማ ሴቱን አንተ፣ ወንዱን አንቺ ማለት ፍቅር ነው፤ የሚቀየም የለም።

«ቡኒ ሩዝ አለሽ?»

«ቡኒ?» ፊቷን አጨማደደች። «አንተ፣ ሩዝ ቡኒ ከሆነ ተበላሽቷል። ወላሂ አልሸጥልህም።»

«የባሕር አረምስ?»

«ባሕር የሚተፋውን?» ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እስኪዞሩ ሳቀች። «እሱን ፍየል እንኳ አፍንጫዋን ታዞርበታለች።»

ሳቋ ሲያልቅ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የወንድሜን ሚስት ታውቃት ነበር፤ ልቅሶውም ላይ ሦስቱንም ቀን ተቀምጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ከጅቡቲ ስትመለስ ጥቁር ፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። ከባሕሩ ዳር ራሷ ወርዳ የለቀመችው ነው። አሸዋው እንኳ አልለቀቀውም።

«አንተ፣ ወላሂ ለወንድምህ ብዬ ነው» አለች። «ከሞተ እኔ የለሁበትም።»

ጋሼ ቤት ወስጄ ሦስት ጊዜ አጥቤ ቀቀልኩት። ሽታው ግቢውን ሞልቶ አጥር ተሻገረ። ጋሼ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ዓመት ጅቡቲ በባቡር ስሄድ ኖሬአለሁ» አለ። «ወደቡ ተነሥቶ ቤቴ ሲመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ።» ወስደን ደፋነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በንዴት ተቀምጬ ያን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩት። እዚያው አናቱ ላይ፣ ዘልዬ ባለፍኩት ቦታ፣ ሰው የሚኖርበት መሬት የሚያበቅለውን በሚበቅልበት ወራት ይብላ ይላል። ቡኒ ሩዙና የባሕር አረሙ ለባሕር ጠረፍ ሰዎች የተጻፈ ምሳሌ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጃፓንን ጓዳ ድሬዳዋ ላይ ስፈልግ፣ ጎረቤቴን ከባሕሩ ዳር አረም ሳስለቅም ከረምኩ። ብቻዬን ሳቅኩ።

የዚህ መሬት እህል ማሽላ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ከከተማ ትንሽ ወጣ ሲሉ የሚታየው እሱ ነው። ነገር ግን እኛ ቤት ማሽላ ሲነሣ አፍ ይጣመም ነበር። አባታችን ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ወጉ ጤፍ ነው። ማሽላ ችግር ሲመጣ የሚደባለቅ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ነገር ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ቀፊራ ገበያ ገብቼ የማሽላ ረድፍ ጋ ስቆም ያባቴ ዓይን ጀርባዬ ላይ ያለ መሰለኝ።

ከቢዮ አዋሌ ገጠር የምትመጣ አንዲት ሴት ጆንያዋን ፈትታ ተቀምጣለች። እኔ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ እሷ በተሰባበረ አማርኛ ተግባባን።

«ከነልብሱ እፈልጋለሁ፣ ያልተፈተገ።»

«ለዶሮ ነው?»

«ለወንድሜ ነው።»

አየችኝ። ቀልድ መሆኑን ለመለየት ይመስለኛል ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከጆንያው ጎን ያልተወቃ አንድ ራስ ማሽላ አንሥታ ሰጠችኝ። ቀይ፣ ክብድ ያለ፣ ፍሬው በፍሬ ላይ የተነባበረ ነው። በእጄ ይዤ ሳገላብጠው እሷ ስለ እርሻዋ ታወራኛለች። ዝናብ ሲጠፋ በቆሎ ይሞታል አለችኝ። ማሽላ ግን አይሞትም። «ይተኛል» አለች፤ መዳፏን ጉንጯ ሥር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና አሳየችኝ። ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ ማደጉን ትቶ ይተኛል። ዝናቡ ሲመጣ ይነሣና ካቆመበት ይቀጥላል።

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። በማሽላ ተከብቤ ኖሬ ማሽላ እንደሚተኛ አላውቅም ነበር። ባጃጅ ውስጥ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ቤቴ በእጄ ስዳስሰው ሄድኩ፤ ነጂው በመስታወቱ ያየኛል። የናቅኩት እህል ሞትን የሚያታልልበት ብልሃት አለው። ያባቴ ዓይን ከጀርባዬ የወረደው ያኔ ነው።

ሲዘፈዘፍ አድሮ ጠዋት ፍሬው እስኪፈነዳ ቀቀልኩት። ትንሽ ጨው፣ በላዩ የተቆላ ሰሊጥ፣ ሌላ ምንም የለም። መቼም ሳላሳየው አኝክ ልለው አልችልም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ሳልበላ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ሳህን አቅርቤ ትይዩ ተቀመጥን።

«አንድ ማንኪያ» አልኩት። «ሃምሳ ጊዜ። ወሬ የለም።»

«እንቃም» አለ።

አሥር ላይ ጉሮሮዬ ራሱ ሊስበው ተነሣ፤ በምላሴ ያዝኩት። ሃያ ላይ መንጋጋዬ አመመኝ። ሃያ አምስት ላይ ተናደድኩ፤ በምን እንደሆነ አላውቅም፣ በልጄ፣ በጃፓን፣ በሰባታችን ትሪ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ሰዎች እንቁላሉ ምን እንደተሰማው ጠይቀውት አያውቁም። ከዚያ ሠላሳን ያለፍኩ ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ሆነ። አፌ ውስጥ ያለው ነገር ጣፋጭ ሆነ።

መጀመሪያ አላመንኩም። ስኳር አልነካውም፤ የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ማኘኬን ቀጠልኩ፤ ጣፋጭነቱም ጨመረ። ከሰሊጡ አይደለም፣ ሰሊጡ ካለፈ ቆይቷል። ከእህሉ ከራሱ ሆድ ነው የሚመጣው። ጽሑፉ እህል ከምራቅ ጋር ሲቆይ ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል ይላል፤ አንብቤዋለሁ። ማንበብና አፍ ውስጥ ሲሆን መስማት ግን ለየቅል ነው። ይህ ጣፋጭ ሁልጊዜ እዚያ ነበር። በእያንዳንዱ ቂጣ፣ በእያንዳንዱ ቆሎ፣ በዚያ በምንሻማበት ትሪ ላይ ሳይቀር ነበር፤ ሠላሳ ጊዜ ያህል ብቻ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአምስት በላይ አልፌ አላውቅም። ስልሳ ዓመት ዋጥኩ እንጂ አልበላሁም። እንባዬ መጣ። በንፍሮ ጣዕም ያለቀስኩ ሴት ነኝ፤ አላፍርበትም።

ቀና ብዬ ጋሼን አየሁት። ያኝካል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። እኔ ስውጥ እሱም ዋጠ። ሁለተኛ ማንኪያ አነሣን። ሦስተኛ አነሣን። ረጅም ምሳ ነበር፤ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባና የመስጊድ አዛን እየገባ ይወጣል፣ እኛ ዝም ብለን እንፈጫለን። ስንጨርስ የወንድሜ ሳህን ባዶ ነበር።

ሳህኑን አንሥቼ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘግቼ ስለት ተሳልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄድኩ። ማሽላ ንፍሮ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ማሽላ ገንፎ፣ አንድ ቀን ዱባ ከነልጣጩ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ የወቅቱ ፍሬ። ሁሉንም ሃምሳ ጊዜ። ሽንኩርት ከዋናው ምግብ እኩል የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን አየሁ። ካሮት ውስጥ ሽቶ የሚመስል ነገር አለ፤ ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ዘይቱን፣ ሌላው አገር ጉዋቫ የሚላትን፣ ስበላ ፍሬዋ ጥርሴ ሥር ስትሰበር የሚወጣው ሽታ እስከ ማታ አብሮኝ ይውላል። በዚህ ዕድሜ አዲስ አፍ የተሰጠኝ መሰለኝ።

በወሩ ጋሼ ከቀበቶው ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አንዱን ለቀቀ። እኔም መስበክ ጀመርኩ። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በስልክ ሰበክኩ፣ ለማኅበር እናቶች ሰበክኩ፣ ለጎረቤቴ ሱቅ ደንበኞች ሰበክኩ። ማክሮባዮቲክ ወንድሜን አዳነው እላለሁ። ሃምሳ ጊዜ እላለሁ። ሶማሌዋ ጎረቤቴ ማሻአላህ ትላለች፤ ዞር ስል ደግሞ ለደንበኞቿ፣ የባሕር አረሙ ነው ያዳነው ትላለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሄጄ ገንፎውን ጋሼ ቤት አዘጋጅቼ ሸፈንኩት። ለምሳ እስክመለስ አንድ ጉዳይ ነበረኝና ወደ ከዚራ ተሻገርኩ። ከተማው ላይ ጠብ አላለም፤ ተራራው ላይ ግን ዘንቦ ኖሮ ደቻቱ መጣ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነው ወንዝ ግንድና ቆርቆሮ እያንከባለለ ሲወርድ ድልድዩን ዘጉት። ለጋሼ ደወልኩለት።

«እኔ ቆየሁ። ገንፎው ተሸፍኗል፣ ብላ።»

«እሺ።»

«ሃምሳ ጊዜ።»

«እሺ አልኩሽ።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ሰው መሐል ቆምኩ። ድልድዩ ሲከፈት ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር። ቤቱ ስገባ ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለት ሳህን አቅርቧል። የኔ ተከድኗል። የእሱ ላይ አንድ ማንኪያ ብቻ ጎድሏል፤ ያችም ማንኪያ ጉንጩ ውስጥ ነች።

ብው አልኩ። «ይኸው ነው! ዘወር ስል ይኸው ነው! ድልድይ ላይ ተገትሬ ውዬ!» እያልኩ ወንበሬን ጎትቼ ተቀመጥኩ፤ ክዳኑን ወርውሬ አንድ ማንኪያ ገንፎ ጠቅልዬ በድሮ አመሌ ዋጥኩት። ሃምሳ የለም፣ አምስት የለም።

ጋሼም ዋጠ።

ወዲያው ነው። እኔ ስውጥ።

አየሁት። ሁለተኛ ማንኪያ አነሣሁ፤ እሱም አነሣ። እንደገና ፈጥኜ ዋጥኩ። ዓይኑ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ዋጠ። ሦስተኛውን አፌ ውስጥ ያዝኩት። እሱም ያዘው። ያበላው ሃምሳው አልነበረም። ማሽላውም አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቆጥር አልነበረም።

ዋጥኩና «ጋሼ» አልኩት፣ «የምትጠብቀው ምንድን ነው?»

ብረት ሊለካ እንደሚያጎነብስ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ።

«እሷ» አለ፣ «ጥርሷ ካለቀ ወዲህ ምግብ ይቆይባት ነበር። እኔ ቀድሜ ስጨርስ ታፍራለች። እጇን ትሰበስብና ጠገብኩ ትላለች። አልጠገበችም፤ አውቃለሁ አልጠገበችም። ስለዚህ እሷ እስክትውጥ እኔም አልውጥም ብዬ ያዝኩ። እሷ ስትውጥ እውጣለሁ፣ ስታነሣ አነሣለሁ። እኩል እንጨርሳለን።» ጉንጩን በእጁ ነካው። «ለመደብኝ መሰለኝ። አሁንም ይዤ እጠብቃለሁ። የሚውጥ የለም።»

«ነግረሃት ነበር?»

«ምን ብዬ?»

«እሷስ ታውቅ ነበር?»

«ሳታውቅ ትቀራለች?» አለ። «አንድም ቀን አላነሣችውም።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። በዚያ ቤት፣ በዚያ ትሪ ላይ ስንት ፋሲካ፣ ስንት እንቁጣጣሽ ተቀምጫለሁ። አሥር ዓመት ይሆናል ይህ ነገር ከፊቴ ሲደረግ፤ አላየሁትም፤ ቀድሜ ጨርሼ ስለምነሣ ማየት አልችልም ነበር። ሁለት ሰዎች ጉርሻ ይዘው ሲጠባበቁ፣ አንዱ እንዳታፍር፣ አንዷ እንዳታሳፍረው፣ ቃል ሳይወጣቸው አሥር ዓመት ኖሩ። እኔ ፍቅር ማለት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አርባ ገጹ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ያን የጃፓን ትምህርት ያስተማረው ሰው ቢያይ እሱም እንደ እኔ ይደነግጥ ነበር።

ከዚያ ሌላው ነገር መጣብኝ። እነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት። ቤቴ በልቼ፣ ጠግቤ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እፊቱ እየቆምኩ «ብላ» ስለው፣ እሱ ጉርሻውን ይዞ አንድ ሰው እንዲውጥለት ይጠብቅ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቁራሽ መቅመስ ነበር።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ምን አደረግሽ?» አለ። የምሩን ነው፤ ምን እንዳደረግኩ አያውቅም። «ይቀዘቅዛል፣ ብዪ።»

ማንኪያዬን አነሣሁ፤ አነሣ። ማኘክ ጀመርን። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ጣፋጩ እንደ ሁልጊዜው መጣ። ሃምሳ ደረስኩ። ጋሼ ጉሮሮዬን ያያል። አልዋጥኩም። ስልሳ። ሰባ። አፌ ውስጥ ያለው ገንፎ መሆኑ ቀርቶ ውሃ ሆኗል። ጋሼ ቅንድቡን አነሣ፤ ምን ሆነሽ ማለቱ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ፤ በጣቴ ወደ እሱ አመለከትኩ። አልገባውም። እንደገና አመለከትኩ፦ አንተ፣ መጀመሪያ አንተ።

ሲገባው አየሁት። ለመዋጥ እንደ ልጅ ተቸገረ፤ ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ። እኔ ይዤ ጠበቅኩ። ሰማንያ፣ ዘጠና፤ ከዚያ መቁጠሬንም ተውኩ።

ጋሼ ዋጠ። እኔ የዋጥኩት ከእሱ በኋላ ነው።